ፊቱን መለወጥ ያልቻለው በሽታ

በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ደመሰሱ። መርዶው ሮም ሲደርስ ከተማው ተቆጣ፤ ፓርላማው ገንዘብ ፈቀደ፤ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የሚመራ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ጦር ምጽዋ ላይ ሰፈረ። ምጽዋ በረሃ ናት። ያን ሁሉ አፍ የሚያጠግብ ሥጋ፣ ያን ሁሉ መድፍና ስንቅ የሚያጓጉዝ እንስሳ በአካባቢዋ አይገኝም። ስለዚህ ከብት በመርከብ ከህንድ መጣ። ከብቶቹ መካከል የታመሙ ነበሩባቸው። ጣሊያን ለበቀል ካመጣችው መሣሪያ ሁሉ አገር የፈጀው ማንም ያላሰበው ይህ ጭነት ሆነ።

በሽታውን የእኛ ሰው ደስታ ይለዋል። መጀመሪያ ትኩሳት ይመጣል፤ ከብቱ ከመንጋው ተነጥሎ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳሉ፤ ድዱና ምላሱ ይላላጣሉ። ከዚያ ተቅማጡ ይከተላል፤ ውሃ የመሰለ፣ የሚከረፋ፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ። ከብቱ ውሃው ከሰውነቱ አልቆ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ ይወድቃል። በሽታው በትንፋሽና በእዳሪ ስለሚተላለፍ አንድ በረት ውስጥ አንዱን ይዞ ሌላውን አይምርም።

ምጽዋ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባለቀ። ግን ያ ዓመት የዘመቻ ዓመት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ጣሊያንን ለመግጠም ብዙ ሠራዊት ይዘው እስከ ሰዓጢ ወርደው ሳይዋጉ ተመለሱ፤ ከዚያ ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ መተማ። የዚያን ዘመን ጦር ስንቁን እየነዳ ነው የሚጓዘው። ባለፈበት አገር የሚነዳው ከብት ከባላገሩ ከብት ጋር በአንድ ምንጭ ይጠጣል። በሽታው ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ ዋግና ላስታ፣ ከዚያም ወደ የጁ፣ ወሎ፣ በጌምድር፣ ጎጃምና ሸዋ ወረደ።

ሰቆጣ በዚህ መንገድ ላይ ነበረች። የዋግሹሞች መቀመጫ፣ የኽምጣዎች አገር ዋና ከተማ፣ ከሁሉም በላይ የጨው ገበያ ነበረች። ከአርሆ ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል ተጭኖ ሰቆጣ ይራገፍ ነበር፤ ከሰቆጣ ወደ ላስታና በጌምድር ይበተን ነበር። ነጋዴ፣ አጋሰስ፣ እርድ ከብት፣ ወታደር በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። አሞሌ የሄደበት መንገድ ለደስታም የተጠረገ መንገድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎችም በኋላ የጻፉትም ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ ይላሉ። ጎሽና አጋዘን ሳይቀር በየጫካው ረገፈ። ለዋግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዋግን መሬት ያየ ያውቀዋል። ተዳፋት ነው፤ ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡ አጭር ነው። ዝናቡ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ታርሶ ካልተዘራ ዓመቱ አለቀ። ጥማድ የሌለው ገበሬ መሬት አለኝ ቢል ከንቱ ነው። በዚያ ላይ የ1880 ክረምት ከዳ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ። በሬ ሞቶ እህል ጠፋ፤ እህል ጠፍቶ ሰው ሞተ፤ ሰው ሞቶ የተረፈውን የሚያርስ ጉልበት ታጣ። ክፉ ቀን የሚባለው ያ ዘመን እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፤ ባላገሩ በእጁ መቆፈርን እንደ ውርደት እንዳይቆጥረው።

በሽታው በኢትዮጵያ አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እየወረደ በእ.ኤ.አ. 1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአህጉሩ ጫፍ ደረሰ። የኬፕ ቅኝ ገዢዎች ሮበርት ኮክን ከጀርመን ጠሩት። ኮክ በኪምበርሊ በታመመ ከብት ሐሞት ጤነኛውን መከተብ ጀመረ። ዘዴው ሸካራ ነበር፤ አንዳንዱን ከብት አድኖ አንዳንዱን ገደለ። በእ.ኤ.አ. 1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ በቁስጥንጥንያ በሽታውን የሚያመጣው ነገር ባክቴሪያን ከሚያስቀር ማጣሪያ እንደሚያልፍ አሳዩ። ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትልቁ እውቀት በማንኛውም ከብት አርቢ ዘንድ ያለ ነበር፤ ደስታ ይዞት የተረፈ ከብት ዳግመኛ አይያዝም። ከሐማሴን የመጣው ይሁን ከህንድ፣ የዘንድሮው ይሁን የሚመጣው፣ አንድ ጊዜ የተረፈ ተረፈ። ይህ ቀላል ይመስላል። ሌሎቹን ቫይረሶች ሲያዩት ግን ቀላል አይደለም።

በእ.ኤ.አ. 1898 ሎፍለርና ፍሮሽ የአፍተግርን ቫይረስ ሲያገኙ፣ በእንስሳ ላይ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። በ1922 ግን ቫሌና ካሬ የተባሉ ፈረንሳውያን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አገኙ። ከኦዝ አውራጃ የመጣ ቫይረስ ይዞት የዳነ ላም፣ ከጀርመን በመጣው ቫይረስ እንደ አዲስ ይታመማል። በሽታው አንድ ነው፤ ምልክቱ አንድ ነው፤ ሰውነት ግን ሁለተኛውን አያውቀውም። አንዱን ኦ፣ ሌላውን ኤ አሉት። ቆይቶ ሲ ታከለ፤ ከደቡብ አፍሪካ ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3፤ ከእስያ ኤዥያ 1። ሰባት ሆኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ቫይረስን የሚያውቀው በላዩ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች ቅርጽ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ በዚያ ቅርጽ ልክ ይሠራሉ፤ ቅርጹ ከተለወጠ አይገጥሙም። የአፍተግርም የደስታም ዘረመል በአርኤንኤ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለ ቫይረስ ራሱን ሲገለብጥ አራሚ እንደሌለው ቁም ጸሐፊ ነው፤ በየቅጂው ፊደል ይስታል። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ቫይረሱን ይገድሉታል፤ ጥቂቶቹ ፊቱን ይለውጡለታል። የአፍተግር ቫይረስ ከላዩ የሚወጣ ልል ጉጥ አለው፤ ጉጡ ብዙ ስህተት ቢሸከም ቫይረሱ አይጎዳም። ደስታ እንደዚያ አይደለም። ወደ ሴል የሚገባበት ፕሮቲን ስህተት አይችልም፤ ፊቱን ልቀይር ቢል መግቢያው ይዘጋበታል። ፊደል መሳት አይቀርለትም፤ ስለዚህ ዘሩ በአፍሪካና በእስያ የተለያየ ነበር። ግን ለሰውነት የሚያሳየው ፊት አንድ ነው። የሰው ኩፍኝ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ በዚህ ጠባይም ይመስለዋል።

ከህንድ የተጫነ ከብት ሁለተኛ ጥፋት ያደረሰው በአውሮፓ ነው። በእ.ኤ.አ. 1920 ከህንድ ወደ ብራዚል በመርከብ የሚሄዱ ኮርማዎች አንትወርፕ ላይ አረፉ፤ ደስታ ቤልጂየም ውስጥ ተነሣ። አውሮፓ ደንግጣ በ1924 ፓሪስ ላይ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትን አቋቋመች። በምጽዋ በኩል የገባው ያን ያህል ሕዝብ ሲፈጅ የተቋቋመ ድርጅት አልነበረም። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ዋግን ነጻ ብሎ የሚያውጀው ይኸው ድርጅት ስለሆነ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ በህንድ ሙክቴስዋር ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል እያሳለፈ አደከመው፤ የፍየል ክትባት ተገኘ። ክትባቱ ይሠራል፤ ደካማ ከብት ላይ ግን ይከብዳል። ቁርጥ ያለው መፍትሔ የመጣው በኬንያ ሙጉጋ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሴሎች ላይ ዘጠና ጊዜ ያህል አሳደገው። የወጣው ክትባት ማንኛውንም ዝርያና ዕድሜ አያሳምም፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ተጠበቀ። ኬንያ ውስጥ በ1910 ከተገኘ አንድ የቫይረስ ዘር የተሠራው ይህ ክትባት በዓለም ላይ ያለውን ደስታ ሁሉ መከተው። አፍተግር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የማይታሰብ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1957 በኢትዮጵያ የአፍተግር ናሙና ሲመረመር ገና ከጅምሩ ኦ እና ሲ ሁለቱም ተገኙ፤ ቀጥሎ ኤ፣ ከዚያ ሳት 2፣ ከዚያ ሳት 1።

ወደ አሳማ ልሂድ፤ የዋግ ሰው ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ ስለማያረባ እዚህ ምን አመጣው ይባል ይሆናል። አመጣጡ እንዲህ ነው። የቫይረስ ፊት መለወጥ በግልጽ የታየው በግልገል አሳማ ተቅማጥ ላይም ነው። በእ.ኤ.አ. 1946 ዶይልና ሃቺንግስ የተባሉ አሜሪካውያን በኢንዲያና ከሁለት ሳምንት ያልዘለሉ ግልገሎችን የሚፈጅ ተቅማጥ አስመዘገቡ። መንሥኤው ኮሮና ቫይረስ ነበር። ይህ ወገን ከሌሎቹ የአርኤንኤ ቫይረሶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሲገለበጥ የሚያርም ኤንዛይም አለው። ቢሆንም ከመለወጥ አልዳነም፤ ፊደል ባይስት ቁራጭ ይጥላል፣ ቁራጭ ይበደራል። በ1984 በቤልጂየም ከላዩ ካለው ፕሮቲን አንድ ቁራጭ የጣለ ዘር ተገኘ። አንጀትን ትቶ ሳንባ ውስጥ ገባ፤ ግልገሎቹን ብዙም አላሳመመም፤ ይልቁንም ለአንጀቱ ዘር መከላከያ ሰጣቸውና የቀድሞው በሽታ በአውሮፓ እየቀነሰ ሄደ። ለውጥ አንዳንዴ እንዲህ ለሰው ያደላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን አያደላም። በእንግሊዝ በ1971 ሌላ የአሳማ ተቅማጥ ተነሣ፤ በ1978 ቤልጂየም ውስጥ መንሥኤው ሌላ ኮሮና ቫይረስ መሆኑ ታወቀ፤ ከዚህ የቤልጂየም ዘር ክትባት ተሠርቶ በቻይና ለዓመታት ተሰጠ። በ2010 መጨረሻ በቻይና አዲስ ገጽ ያለው ዘር ወጣ፤ የድሮው ክትባት አልመከተውም። በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 አሜሪካ ገባና በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሰባት ሚሊዮን ያህል ግልገል ጨረሰ። ቀን አልፌ ሄጃለሁ፤ እመለሳለሁ።

ቢሾፍቱ ላይ በእ.ኤ.አ. 1964 በፈረንሳይ እርዳታ የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የደስታ ክትባት በአገር ውስጥ መመረት ጀመረ። በአፍሪካ ከ1962 እስከ 1976 አስራ አምስተኛው የጋራ ፕሮጀክት የተባለ ዘመቻ ተካሄደ፤ ኢትዮጵያም በኋለኞቹ ምዕራፎች ገባች። ከብት በየቀበሌው ተሰልፎ ተወጋ። በሽታው ከብዙ አገር ጠፍቶ ሁሉም ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ገንዘቡ ቆመ፤ ክትትሉ ላላ። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ ከተደበቀባቸው ኪሶች ወጥቶ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ነደደ። ፊቱን ለውጦ አልነበረም የመጣው። ያው የድሮው፣ ያው ክትባት የሚመክተው ነው። የተረፈው በቂ ከብት ስላልተወጋ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያም ለዓመታት የተሠራው ስህተት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ክትባቱ የሚሰጠው መንገድ ባለበት፣ ከብት በቀላሉ በሚሰበሰብበት ደጋ ላይ ነበር። የዋግና የላስታ፣ የሸዋና የጎጃም በሬ በየዓመቱ ተወጋ። ቫይረሱ ግን የሚኖረው በቆላ፣ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወረው የአርብቶ አደር መንጋ ውስጥ ነበር፤ ደጋውን የሚነካው ከዚያ ሲፈስ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ፒተር ሮደርና ባልደረቦቹ ይህን ካርታ ሲያወጡ ዘመቻው አቅጣጫውን ለወጠ፤ ደጋውን በየዓመቱ መውጋት ቀርቶ ምንጩን መዝጋት።

ዋግ በዚህ መካከል የራሷ ክፉ ቀን ነበራት። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሰቆጣንና ኮረምን ባዶ አደረገ፤ በዚያ ላይ ጦርነት ነበር። ያን ጊዜ ከብት ያለቀው በደስታ ሳይሆን በድርቅ ነው። ነገር ግን መንደሩ ተበትኖ፣ መንገዱ ተቋርጦ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳይደርስ ስንት ዓመት እንዳለፈ የሚያስታውስ ሰው፣ ክትባት በወረቀት ላይ ከሚመስለው የተለየ ነገር መሆኑን ይረዳል።

የፓን አፍሪካ የደስታ ዘመቻ በእ.ኤ.አ. 1986 ተጀመረ። የክትባቱን ጥራት የሚፈትሽ ማዕከል ቢሾፍቱ ላይ ተተከለ፤ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ፓንቫክ ይባላል። ከሁሉም የከበደው በረሃው ነበር። የፕላውራይት ክትባት በቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል፤ አፋር በረሃ ማቀዝቀዣ ይዞ የሚገባ መኪና አልነበረም። ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ሙቀትን የሚችል አዘገጃጀት አገኘ፤ ያለ በረዶ በከረጢት ተይዞ በእግር ሊጓዝ ቻለ። ታዲያ ማን ይዞት ይግባ? ራሳቸው አፋሮቹ። በእ.ኤ.አ. 1994 ሃያ የሚሆኑ የመንደር የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ከ70 ሺህ በላይ ከብት ወጉ። አጥር የሌለው በረሃ ውስጥ ከብቱ የት እንዳለ፣ በየትኛው ወር የት እንደሚጠጣ የሚያውቁ እነሱ ናቸው። የመንግሥት ቡድን ለዓመታት ያልደረሰበትን ሽፋን በአንድ ወቅት ደረሱበት። ሐኪም ያልሆነ ሰው መርፌ እንዴት ይይዛል ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ክርክሩን ውጤቱ ዘጋው።

በኅዳር 1988 ዓ.ም. በአፋር የታየው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ የቀረው ሥራ አሰልቺና ወሳኝ ነበር፤ ክትባት ማቆም። የተወጋ ከብት ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል፤ የታመመም እንደዚያው። ስለዚህ በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ መርፌው መቆም፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ከብቶች ደም መመርመር ነበረበት። በሽታው ድንገት ቢመለስ ያለ መከላከያ የሚቀሩት የእኛው በሬዎች ናቸው። ፊቱን የማይለውጥ መሆኑ እዚህ ላይም ጠቀመ፤ የድሮው የደም ምርመራ ለየትኛውም ዘር ይሠራ ነበር፤ ተደብቆ የሚያመልጥ ገጽ አልነበረም። በእ.ኤ.አ. 2001 በኬንያ ሜሩ ፓርክ ጎሾች ላይ የታየው የዓለም የመጨረሻው ሆነ። ግንቦት 2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ መሆኗ ጸደቀ። ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት ደስታ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ሰው በእጁ ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ያን ሰሞን ሰቆጣ ገበያ በሬ ሲሸጥ ይህን የሰማ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ያልደረሰ መቅሠፍት ወሬ የለውም።

ወዲያው ከጎኑ የሌላው ዓይነት ቫይረስ ታሪክ ይሄድ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1973 ሩት ቢሾፕ የተባለች አውስትራሊያዊት በሜልቦርን ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አንጀት መንኩራኩር የመሰለ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየች፤ ሮታ ቫይረስ ተባለ። በጥጃና በግልገል አሳማም ተገኘ። ዘረመሉ በዐሥራ አንድ ቁራጭ የተከፈለ ነው። ሁለት ዘር አንድ ሴል ውስጥ ቢገናኙ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ የአሳማው ገጽ በሕፃን ላይ የሚታይበት ጊዜ አለ። ገጹ በሁለት ፕሮቲኖች፣ ጂ እና ፒ ተብለው፣ በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩም ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ በሆስፒታል ክትትል ሲደረግ ዓይነቶቹ ይፈራረቁ ነበር። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ክትባቱ በኢትዮጵያ መደበኛ ሆነ፤ ከአንድ ዘር የተሠራ ሲሆን ለሌሎቹም በከፊል ይጠቅማል። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ቀድሞ ሲፈተን ከባድ ተቅማጥን የተከላከለው በመቶ 61 ገደማ ነው። ይህ ብዙ ሕፃን ያድናል፤ ቫይረሱን ግን ከምድር አያጠፋም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም፣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ሲነሣ፣ ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ አብሮ ተናገረ። የሚለዋወጥ ጠላት ከመንገዱ እንጂ ከፊቱ አይያዝም።

አፍተግርም እንዲሁ ቆየ። ቢሾፍቱ ኦን፣ ኤንና ሳት 2ን ያጣመረ ክትባት ይሠራል፤ ጥበቃው በወራት የሚቆጠር ነው፤ የመስኩ ቫይረስ በራቀ ቁጥር ክትባቱም መታደስ አለበት። ከሰባቱ አንዱ፣ ሲ፣ ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ በዓለም አልታየም። ስድስቱ አሉ።

ለዋግ ዛሬ ዋናው ጉዳይ ፍየል ነው። ተከዜን የሚነካው የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ቆላ እህል የሚነፍግ፣ ፍየል የሚያሳድግ አገር ነው። የአበርገሌ ፍየል ትንሽ ናት፤ ግን ትታለባለች፤ በግራርና በቁጥቋጦ ትኖራለች። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ከአርቢዎቹ ጋር ሆኖ ጥሩ አውራ ለመምረጥ የሚደክመው በዚህ ዝርያ ላይ ነው። እህል ሲጠፋ ሙክት ተሽጦ ማሽላ ይገዛል፤ ልጅ ሲታመም ፍየል ትሸጣለች።

ፍየሏ ላይ የመጣው የደስታ ወንድም ነው። በእ.ኤ.አ. 1942 በአይቮሪ ኮስት ተመዘገበ፤ ለብዙ ዓመት ራሱ ደስታ ፍየል የለመደ ነው እየተባለ ቆይቶ በ1979 የተለየ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። በኢትዮጵያ በእ.ኤ.አ. 1977 በአፋር ፍየሎች ተጠረጠረ፤ በ1991 በአዲስ አበባ አካባቢ በናሙና ተረጋገጠ። ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ እንለዋለን። ምልክቱ አፍና አፍንጫ ማፍሰስ፣ ምላስ መላጥ፣ የሳንባ ምች፣ ከዚያ ተቅማጥ ነው። ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ያለቀበት የሦስት የአራት ወር ግልገል በብዛት ይሞታል። ደስታ በነበረበት ጊዜ ፍየሎች የከብቱን ክትባት እየተወጉ ለዚህም ይጠበቁ ነበር፤ ዝምድናቸው ያን ያህል ቅርብ ነው። ደስታ ከጠፋና ያ ክትባት ከቆመ በኋላ ለፍየል የራሷ ክትባት አስፈለጋት፤ ናይጄሪያ 75 ከሚባል ዘር የተሠራው በቢሾፍቱም ይመረታል።

ዘሮቹ አራት ናቸው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ ሦስተኛው ተገኘ፤ ኋላ አራተኛውም ገባ። ይህን ሲሰሙ ክትባቱ ከሸፈ ብለው የፈሩ ነበሩ። አልከሸፈም። ልዩነቱ በዘረመል ጽሑፍ ነው እንጂ ሰውነት በሚያየው ፊት አይደለም፤ አንዱ ክትባት አራቱንም ይመክታል። ስለዚህ በእ.ኤ.አ. 2015 አቢጃን ላይ የተሰበሰቡት አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከዓለም እናጠፋዋለን ብለው ዕቅድ ሲያወጡ ቅዠት አልነበረም። በአሳማው ኮሮና ወይም በሮታ ላይ ይህን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አይገኝም።

የሚያዳግተው ሌላ ነው። በሬ ስምንት ዓሥር ዓመት ይኖራል፤ አንድ ጊዜ ከተወጋ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግላል። የፍየል መንጋ ግን ይታረዳል፣ ይሸጣል፣ ይወለዳል፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኛው አዲስ ነው። ዛሬ ከመቶ ሰማንያው የተወጋ መንጋ ብዙ ሳይቆይ ባልተወጋ ግልገል ይሞላል። ከዚህ በላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ገባ፤ ሰቆጣ በተዋጊዎች እጅ ወደቀች፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሰው ንብረቱን ትቶ ተፈናቀለ፤ ጤና ጣቢያውና የእንስሳት ክሊኒኩ ተዘረፈ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ተከተለ። የተፈናቀለ ሰው የተረፈችውን ፍየል ይዞ ሌላ ሰው መንደር ይገባል፤ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጦሩ ከብት እየነዳ እንዳደረገው ሁሉ መንጋና መንጋ ይቀላቀላል።

አሁን የሚሠራው ሒሳብ ይህ ነው። ግልገሎች ከእናታቸው መከላከያ ሲወጡ፣ ከገበያው ወቅት በፊት፣ በየቀበሌው መወጋት አለባቸው። መንገዱ የሚያልፈው በገደል ነው፤ ክትባቱ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት የሚችል አዘገጃጀት ለፍየሉም ተሠርቷል፤ ማን ይዞት ተከዜ ሸለቆ እንደሚወርድ አፋር በእ.ኤ.አ. 1994 ካሳየው ሌላ መልስ እስካሁን አልተገኘም። የዋግ ዞን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ቁጥር ለዚህ አይበቃም። የአርቢው ልጅ ግን እዚያው አለ፤ ፍየሎቹ በየትኛው ወር የት እንደሚጠጡ ያውቃል።